ስምንት ቅዳሜ በሐይቁ ዳር፦ በሐዋሳ ስለሚሰጥ አንድ የሜዲቴሽን ሥልጠና

በሐዋሳ ከተማ፣ ከፍቅር ሐይቅ ብዙም ሳይርቅ፣ በአንድ መኖሪያ ግቢ ውስጥ በምትገኝ ሰፊ ክፍል ቅዳሜ ጠዋት ከ12፡30 እስከ 2፡30 የሚሰጥ የሜዲቴሽን (የጽሞና) ሥልጠና አለ። ሥልጠናው 8 ሳምንት ይፈጃል፤ ክፍያው 4,000 ብር ሲሆን ግማሹ በምዝገባ ዕለት፣ ግማሹ በአራተኛው ሳምንት ይከፈላል። ከጥቅምት መግቢያ ጀምሮ አንድም ቅዳሜ ሳላጎድል ተከታትዬ ስለ ጨረስኩ፣ ለመመዝገብ እያሰቡ ለሚያመነቱ ሰዎች ያየሁትን በጽሑፍ ማኖር ተገቢ መስሎ ታይቶኛል። የቤቱን ስም አልጠቅስም። አሰልጣኟ ያለ ረዳት የሚሠሩ ሰው ናቸው፤ ከምስጋናው ጋር የምጽፈው ወቀሳም ቀላል ስላልሆነ ስማቸው በየሰዉ አፍ እንዲዞር አልፈልግም። አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ጠይቆ አያጣውም።

ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር። ሥልጠናው የተከፈለበትን ገንዘብና የተሠዋለትን የጠዋት እንቅልፍ የሚክስ ነው፤ ሆኖም ዋናውን ነገር ዘግይቶ ያወጣዋል። ሐሳብን ሰብስቦ አሁን በሚሆነው ነገር ላይ ማሳረፍን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሚገባ ያስተምራል፤ ያ "አሁን" የምንለው ነገር ራሱ እያለፈ መሆኑን ግን እስከ አምስተኛው ሳምንት ድረስ አያነሣም። ትምህርቱ ከተወሰደበት ከቡድሂዝም ልምምድ ውስጥ እነዚህ ሁለቱ ተለያይተው አያውቁም። በዚህ ግምገማ ከሁሉ አስረዝሜ የምናገረውም ስለዚሁ ነው፤ ምክንያቱም እኔን የጠቀመኝ ሁለቱ የተገናኙበት ሰዓት ነበርና።

ወደዚያ የወሰደኝን ምክንያት በአጭሩ ልግለጽ። አባቴ ካረፉ ሰባት ወር ሆኗቸው ነበር። ቀን ቀን ሥራዬን እሠራለሁ፣ ከሰው ጋር እውላለሁ፤ ሌሊት ግን ልክ 9 ሰዓት ሲሆን ከእንቅልፌ እነቃና እስኪነጋ ድረስ ጣሪያውን እያየሁ እጋደማለሁ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የሥልጠናውን ማስታወቂያ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣልኝ ሄደች። ወረቀቱ "ማይንድፉልነስ፦ ጭንቀትን የሚያጠፋ ሳይንሳዊ ዘዴ" ይላል። ስለዚህ አባባል ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ክፍሏ ንጹሕ ናት። ወለሏ ላይ ሰሌን ተነጥፏል፤ በላዩም ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ጠንካራ ትራስ ተቀምጧል። በእኛ ዙር 12 ሰዎች ነበርን፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ሁለት ነርሶች፣ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የመጣ አንድ ወጣት፣ ከውኃ ሥራ ጡረታ የወጡ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ እንዲሁም ከልጃቸው ልጅ ጋር የሚመጡ እማማ። አሰልጣኟ ለታላላቆቹ የሚሰጡት አክብሮት፣ ለታናናሾቹም ያላቸው ትዕግሥት የሚያስመሰግን ነው። ከበሩ ውጭ ባጃጆች ይመላለሳሉ፤ ከዛፎቹ ላይ ጉሬዛዎች ወደ ቆርቆሮው ይዘላሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ይህን ጩኸት እንደ ጉድለት መዝግቤው ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አሰልጣኟ ድምፁን እንድንቃወመው ሳይሆን ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚጠፋ እንድንሰማው ስለ ጠየቁን ከዝርዝሬ ሰርዤዋለሁ።

የመጀመሪያው ልምምድ አንድ ፍሬ የገብስ ቆሎ ነው። አሰልጣኟ በየመዳፋችን አንዳንድ ፍሬ አኖሩልን፤ አየነው፣ አሸተትነው፣ በጣታችን መካከል አሽተን ሰማነው፣ ከዚያም ምላሳችን ላይ አስቀምጠን ሳናኝክ ቆየን። ሕይወቴን በሙሉ ቆሎ በእፍኝ እየዘገንኩ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አንዲት ፍሬ ስትነከስ በመጀመሪያ የምትሰጠው የተቆላ ጠረን፣ ቀጥሎም ዘግይቶ የሚመጣው ጣፋጭነት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ግን በዚያ ቀን ነው ያወቅሁት። ልምምዱ በአሜሪካ ሲጀመር የሚሠራው በዘቢብ ነበር፤ አሰልጣኟ ወደ ቆሎ መለወጣቸው ትንሽ ነገር ቢመስልም ትምህርቱን አገሩ ለማስገባት አስበው እንደ ደከሙ ያሳያል።

በቃላት አጠቃቀም ላይ ግን ከእሳቸው ጋር አልስማማም። "ማይንድፉልነስ" ለሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አሰልጣኟ የሚጠቀሙት "ንቃተ ኅሊና" የሚለውን ነው። ይህ ሐረግ በጆሯችን የፖለቲካ ስብሰባ ሽታ አለው፤ ደግሞም ነገሩን አይገልጸውም። የቡድሃ ትምህርት ተጠብቆ በቆየበት በፓሊ ቋንቋ ቃሉ "ሳቲ" ነው፤ ሥሩም ማስታወስ ማለት ነው። ሳቲ ያለው ሰው አሁን የሚሆነውን ያያል፤ ማየቱንም አይረሳም። የእኛ አማርኛ ይህን ከብዙ ቋንቋዎች ይልቅ አሳምሮ የሚይዝ አነጋገር አለው። እናቶቻችን "ልብ አድርግ" ሲሉን ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ያዝዙናል፦ አሁን አስተውል፣ በኋላም አትርሳ። የሰው አሳብ መኖሪያ ልብ ነው ብለው "ልቡና" የሚለውን ቃል የሰጡን አባቶችም ቃሉን ለዚህ ትምህርት ያዘጋጁት ይመስላል። ስለዚህ ከዚህ በታች "ልብ ማለት" እያልኩ እጽፋለሁ፤ አሰልጣኟም በሚቀጥሉት ዙሮች ቢያስቡበት እወዳለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልግባ። በመጀመሪያው ቀን አሰልጣኟ "ይህ ከየትኛውም ሃይማኖት ጋር አይገናኝም" ብለው ጀመሩ። ለምን እንደዚያ እንዳሉ ይገባኛል፤ ከተማችን ሃይማኖቱን የሚጠብቅ ሕዝብ የሚኖርባት ናት፣ ስለዚህ ሰው ገና ከበሩ እንዳይሸሽ ፈርተዋል። ሆኖም ንግግሩ ግማሽ እውነት ነው። ይህ የ8 ሳምንት ሥልጠና የተቀረጸው በ1979 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል፣ በጆን ካባት ዚን ነው። ያዘጋጁትም መድኃኒት እምብዛም ላልረዳቸው፣ ከቆየ ሕመም ጋር ለሚኖሩ ታካሚዎች ነበር። እሳቸው ራሳቸው ጽሞናን ከቡድሂስት መምህራን የተማሩ ሲሆኑ፣ ሃይማኖታዊ ሥርዓቱን ትተው ልምምዱን ወደ ሆስፒታል አስገቡት። ሥልጠናው የማንንም እምነት እንደማያስለውጥ መናገር ትክክል ነው፤ ከየት እንደ መጣ አለመናገር ግን ትክክል አይደለም። ሰው በሚያምነው ነገር ረገድ የሚጠነቀቅ ከሆነ፣ ለመጠንቀቅ የሚያስችለውን መረጃ ማግኘት ይገባዋል።

ይህን ጥያቄ በአራተኛው ሳምንት ያነሡት ጋሼ ናቸው። ልምምዱ እንዳለቀ እጃቸውን አውጥተው፣ "ልጄ፣ ይህ ትምህርት የማን ነው? ወላጅ የሌለው ትምህርት የለምና ወላጁን ንገሪን" አሏቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ። አሰልጣኟ ጥቂት ካሰቡ በኋላ ማስታወሻ ደብተራቸውን ዘግተው ተቀመጡና፣ ቡድሃ ስለ ተባለው ስለ ሲድሃርታ ጋውታማ፣ የመጀመሪያ ደቀ መዛሙርቱ ስለ ሆኑት አምስት ባሕታውያን፣ በሕንድ በሳርናት የአጋዘን ጥብቅ ስፍራ ስለ ሰጠው የመጀመሪያ ትምህርት ያለ አንዳች ማድበስበስ ነገሩን። በዚያ ትምህርት መጨረሻ ከአምስቱ አንዱ ኮንዳኛ የተባለው የተረዳው ነገር አንድ ብቻ እንደ ነበረ ይተረካል፦ መነሣት ባሕርዩ የሆነ ነገር ሁሉ ማብቃትም ባሕርዩ ነው። ትምህርቱን በመጀመሪያ የተረዳው ሰው የተረዳው ስለ መረጋጋት ወይም ስለ ጤና ያለ ነገር ሳይሆን ስለ ማለፍ መሆኑ፣ ነገሩ ከሥሩ ምን እንደ ሆነ ለመገመት ይበቃል።

ከዚያች ሰዓት በኋላ ሥልጠናው ሌላ ሥልጠና ሆነ። አሰልጣኟ ልብ ማለትን በዝርዝር ስለሚያስተምረው ሳቲፓታና ስለሚባለው የፓሊ ጽሑፍ አስረዱን። ጽሑፉ አራት የማስተዋያ መስኮች አሉት፦ ሥጋ፣ ስሜት፣ የልብ ሁኔታ፣ በልቡና ውስጥ የሚመላለሱ ነገሮች። የሚጀምረው እኛም በጀመርንበት በትንፋሽ ነው፤ ረጅም ትንፋሽ ሲሳብ ረጅም መሆኑን፣ አጭር ሲሳብ አጭር መሆኑን ማወቅ። ነገር ግን በእያንዳንዱ ክፍል መጨረሻ እንደ አዝማች የሚመለስ አንድ ቃል አለ፤ እሱም የሚነሣውን በመነሣቱ፣ የሚጠፋውን በመጥፋቱ እንድናይ ያዝዛል። በአራት ሳምንት ውስጥ የተማርነው የጽሑፉን የመጀመሪያ መስመር ነበር፤ አዝማቹን አልሰማነውም። ዘፈኑ አዝማቹ ተቆርጦ እንደ ተዘፈነልን ነው የቆጠርኩት፤ ወቀሳዬም ይኸው ነው።

አምስተኛው ቅዳሜ ግን የሥልጠናው ዘውድ ነው፤ ስለዚህ ስለ እሱ ሰፋ አድርጌ ብጽፍ አንባቢ ይታገሠኛል ብዬ አምናለሁ። በዚያ ቀን ትራሶቻችንን ይዘን ወደ ሐይቁ ዳር ወረድን። ብርድ ነበር፤ ጋቢ ያልያዘ ሰው ተጸጽቷል። ጉም ከውኃው ላይ ገና አልተነሣም፤ ከአሞራ ገደል አቅጣጫ ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ሲስቡ ድምፃቸው ይሰማል፤ አባ ኮዳዎች ዳር ዳሩን ቆመው ፍርፋሪ ይጠብቃሉ። አሰልጣኟ አንዲት ትንሽ የነሐስ ደወል አውጥተው መቱና፣ "ድምፁ ሲያልቅ እጃችሁን አንሡ" አሉን። በመጀመሪያው ምት ሁላችንም በሦስትና በአራት ሴኮንድ ውስጥ እጃችንን አነሣን። በሁለተኛው ዘገየን። በአምስተኛው ምት ላይ ደወሉ አለቀ ለማለት የደፈረ ሰው እስኪገኝ ረጅም ጊዜ ሆነ፤ ምክንያቱም ድምፁ እየቀጠነ ሄዶ ከውኃው ድምፅ ጋር የሚቀላቀልበት ወሰን የቱ ጋ እንደ ሆነ ማንም መናገር አልቻለም። እዚያ ላይ የገባኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፦ አንድ ድምፅ ብዬ የምጠራው ነገር አንድ ሆኖ አያውቅም፤ ከመጀመሪያው ቅጽበት ጀምሮ እየሄደ ነበር፤ "መኖሩ" የምለውም ያ መሄዱ ነው።

ይህን በቡድሂዝም ቋንቋ "አኒቻ" ይሉታል፤ አለመጽናት፣ አላፊነት ማለት ነው። ጋሼ ይህን በሰሙ ጊዜ ወደ ሐይቁ ዞረው፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ያጠኑትን ነገር ጨመሩልን። የጥቁር ውኃ ወንዝ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ይገባል፤ ከሐይቁ ግን በገጸ ምድር የሚወጣ አንድም ወንዝ የለም። ሰው ሐይቁን ሲያየው የቆመ ይመስለዋል። ውኃው ግን ቀን ከሌት በፀሐይና በነፋስ እየተነነ ይሄዳል፤ ሲሄድ ስለማናየው ብቻ የማይሄድ ይመስለናል። ደረጃው አንዳንድ ዓመት ከፍ፣ አንዳንድ ዓመት ዝቅ የሚለውም በሚገባውና በሚሄደው መካከል ባለው ልዩነት ነው። አሰልጣኟ ከዚህ የሚሻል ምሳሌ እንደሌላቸው ተናግረው ዝም አሉ። ሥልጠናው እንዲህ ያለውን የአገር ሰው እውቀት የሚቀበል ልብ ያለው መሆኑ ከምወድለት ነገር አንዱ ነው።

ስድስተኛው ሳምንት የሕመም ልምምድ ነው። ለ40 ደቂቃ ሳይነቃነቁ መቀመጥ ለጉልበቴ ከባድ ነበር፤ በ20ኛው ደቂቃ ገደማ ቀኝ ጉልበቴ እሳት ሆነ። አሰልጣኟ በዝግታ፣ "ሕመሙ ጠርዙ የት ነው? መሃሉስ? አሁን ያለው ከአፍታ በፊት ከነበረው ጋር አንድ ነው?" እያሉ ጠየቁ። ተከትዬ ባየሁት ጊዜ "ሕመም" ብዬ የምጠራው አንድ ነገር አልነበረም፤ ሙቀት ነበር፣ የሚነዝር ነገር ነበር፣ ጫና ነበር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ "መቼ ነው የሚያበቃው" የሚል ፍርሃት ነበር። እያንዳንዱ ይመጣል፣ ይጎላል፣ ይሸሻል። ጉልበቴ ማመሙን አላቆመም፤ ፍርሃቱ ግን ሲለይ ሕመሙ ግማሽ ሸክሙን አራገፈ። በቡድሃ ትምህርት ውስጥ ልብ ማለትና አላፊነትን ማየት ለምን አብረው እንደሚሄዱ በአካሌ የተረዳሁት በዚህ ጊዜ ነው። "ዱካ" የሚሉት ሥቃይ የሚጸናብን የሚያልፈውን ነገር እንዳያልፍ ጨብጠን ስንይዘው፣ የማንወደውም እንደማይሄድ ቆጥረን ስንታገለው ነው። አለማለፉን አምነን ስንይዘው እጃችን ይጠብቃል፤ ማለፉን ራሳችን ስናየው ይላላል። በወሬ ማወቅ እጅን አያላላም። ለዚህ ነው መቀመጥ ያስፈለገው።

ይህን ካልኩ ስለ ሐዘኔ ሳልናገር ባልፍ ግምገማዬ ጎዶሎ ይሆናል። በስድስተኛውና በሰባተኛው ሳምንት መካከል፣ ሌሊት 9 ሰዓት ስነቃ፣ ከመታገል ይልቅ እንደ ጉልበቴ አየሁት። ሐዘን እንደ ድንጋይ አንድ ሆኖ ደረቴ ላይ የተቀመጠ ይመስለኝ ነበር። ቀርቤ ሳየው ግን የአባቴ ሳል ነበር፤ ከጋቢያቸው የማይለቅ የዕጣን ሽታ ነበር፤ አንድ ቀን ሲደውሉልኝ ስብሰባ ላይ ነኝ ብዬ ያላነሣሁት ስልክ ነበር። እያንዳንዱ ይመጣል፣ ያቃጥላል፣ ይሄዳል። ከዚያም ያልጠበቅሁት ፍርሃት መጣ፦ ሐዘኔ አላፊ ከሆነ አባቴን ልረሳ ነው ማለት ነው? ይህን በሰባተኛው ቅዳሜ በክፍሉ ፊት ጠየቅሁ። አሰልጣኟ በመጽሐፍ አልመለሱልኝም፤ ዝም ብለው ወደ እማማ ተመለከቱ። እማማም፣ "ልጄ፣ ባለቤቴ ካረፉ ሃያ ዓመት አለፋቸው። ሐዘኑ ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ደግሞ ይሄዳል። እሳቸውን ግን አንድ ቀን ከልቤ አላወጣኋቸውም" አሉኝ። ሳቲ ከሥሩ ማስታወስ መሆኑ፣ "ልብ አድርግ" የሚለው ቃላችንም ሁለቱን በአንድነት መያዙ ለእኔ ከዚያ ወዲህ የቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

እዚህ ላይ ሥልጠናው ሊያልፈው የማይገባው አንድ ልዩነት አለ። "ዓለም አላፊ ነው" ማለትን እኛ ከማንም አልተማርነውም። በለቅሶ ድንኳን ሥር የማይባልበት ቀን የለም፤ መጽሐፈ መክብብም ከጥንት ጀምሮ ያነበንበዋል። በእኛ አገር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይህን ሲል ግን ከሚያልፈው ማዶ የማያልፍ አምላክና የማትጠፋ ነፍስ አለች ብሎ ነው፤ ማለፉ ወደማያልፈው የሚጠቁም ጣት ነው። ቡድሂዝም ከዚህ ይለያል፤ "አናታ" በሚለው ትምህርቱ ሥጋንም ሆነ ስሜትን ሆነ አሳብን ብንመረምር ጸንቶ የሚኖር "እኔ" የሚባል ነገር አናገኝም ይላል። አሰልጣኟ ስለዚህ ሲጠየቁ "በመጨረሻ ሁሉም አንድ ነው" ብለው አለፉት። እኔ በዚህ አልስማማም። አንድ አይደለም፤ ልዩነቱን በግልጽ መናገርም ሁለቱንም ወገን ማክበር ነው። እኔ በእምነቴ ጸንቼ፣ ከልምምዱ የምወስደውን ወስጄ፣ የማልቀበለውን ትቼ ወጥቻለሁ፤ ይህን ማድረግ የቻልኩትም ልዩነቱን ሌላ ቦታ ስላነበብኩ ነው። ሠልጣኝ ሁሉ ይህን ከክፍሉ ውስጥ ማግኘት ነበረበት።

ሌላም የሚታረም ነገር አለ። ወጣቶቹ ሠልጣኞች "አሁን ላይ መኖር" የሚለውን ስለ ነገ አለማሰብ አድርገው ሲወስዱት በተደጋጋሚ ሰምቻለሁ፤ አንደኛው የቁጠባ ሒሳቡን ሊዘጋ እንዳሰበ ሳይቀር ተናግሯል። አሰልጣኟ ፈገግ ብለው ከማለፍ ይልቅ ቢያርሙት ኖሮ እወድ ነበር። የቡድሃ መነኮሳት ከጥንት ጀምሮ በሕንድ የዝናብ ወቅት ለሦስት ወር በአንድ ስፍራ ይከትታሉ፤ ይህን "ቫሳ" ይሉታል። ከምክንያቶቹ አንዱ በዝናብ ወራት ሲዘዋወሩ የገበሬውን ቡቃያና ጥቃቅን ነፍሳትን እንዳይረግጡ ነው። ይህ የእኛን ክረምት የሚያውቅ ሰው ወዲያው የሚረዳው ጥበብ ነው። ስለ ወቅት የሚያስብ፣ ቀን የሚቆጥር፣ ለሦስት ወር አስቀድሞ የሚዘጋጅ ማኅበር ስለ ነገ ግድ የለውም ሊባል አይችልም። ቡድሃ በኩሺናራ ሊያርፍ ሲል ተናገረው የሚባለው የመጨረሻ ቃልም ሁለቱን ያጣምራል፦ የተሠራ ነገር ሁሉ አላፊ መሆኑን፣ ስለዚህም ሳይዘናጉ መትጋት እንደሚገባ። ማለፉ ለመትጋት ምክንያት ሆኖ ነው የተሰጠው።

ስለ ማስታወቂያው ቃል ገብቼ ነበር። "ጭንቀትን የሚያጠፋ" የሚለው አባባል ከወረቀቱ ላይ መውጣት አለበት። ልምምዱ ብዙ ሰው ይረዳል፤ ሁሉንም ሰው ግን አይረዳም፣ ጭንቀትንም አያጠፋም። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ በምዝገባ ጊዜ ስለ ሰው ያለፈ ሁኔታ አንዳች ጥያቄ አለመጠየቁ ነው። በዚህ ዘመን ከባድ ነገር አይተው የመጡ ሰዎች በመካከላችን አሉ። ዓይንን ጨፍኖ፣ ዝም ብሎ፣ ወደ ውስጥ መመልከት ለእነሱ የተዘጋ በር በድንገት እንደ መክፈት ሊሆን ይችላል። በሦስተኛው ሳምንት አንዲት ወጣት እያለቀሰች ወጣች። አሰልጣኟ ወዲያው ተከትለዋት ወጥተው በርኅራኄ አነጋግረዋታል፤ ይህን መመስከር አለብኝ። ልጅቷ ግን ተመልሳ አልመጣችም። አስቀድመው በግል ቢያነጋግሯት፣ ዓይኗን ገልጣ እንድትቀመጥ ወይም በመጀመሪያ ሐኪም እንድታማክር ቢመክሯት ኖሮ ያ ጠዋት ሌላ ይሆን ነበር። የስሜት ቁስል ያለበት ሰው ከመመዝገቡ በፊት ይህን ለአሰልጣኟ ይንገር፤ ያዳምጣሉ።

ትንንሾቹን ጉድለቶች ቶሎ ልለፋቸው። ለቤት ልምምድ የሚሰጡት የድምፅ ቅጂዎች በእንግሊዝኛ ስለሆኑ እማማና ጋሼ ሊጠቀሙባቸው አልቻሉም። ወንበር ያለው ለሁለት ሰው ብቻ ነው። ልምምዱ የሚጀመረው በሰዓቱ ሲሆን አርፍዶ የመጣ በረንዳ ላይ ይጠብቃል፤ ይህን እደግፋለሁ።

ስለ ክፍያው አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። በቡድሂስቶች ዘንድ ትምህርቱን በዋጋ አለመሸጥ የቆየ ልማድ ነው። በበርማ ተወልደው ያደጉት የጽሞና መምህር ኤስ. ኤን. ጎይንካ ያስፋፏቸው የ10 ቀን የዝምታ ኮርሶች እስከ ዛሬ ምግብና ማደሪያን ጨምሮ ያለ ክፍያ ይሰጣሉ፤ ወጪውን የሚሸፍኑት ቀደም ብለው ኮርሱን የጨረሱ ሰዎች በሚለግሱት ነው። በሐዋሳ ብቻዋን ቤት ተከራይታ ከምትሠራ ሰው ይህን መጠበቅ አይቻልም፤ 4,000 ብር ለ16 ሰዓት ትምህርት የበዛ ነው ብዬም አልከራከርም። ይሁንና በየዙሩ አንድ ወይም ሁለት ቦታ መክፈል ለማይችል ሰው ቢተው፣ ትምህርቱ ከመጣበት ቤት ጠባይ ጋር ይስማማል። ከእኛ መካከል አራታችን ለሚቀጥለው ዙር የአንድ ሰው ክፍያ አዋጥተን ሰጥተናል፤ ተቀብለውናል።

እንቅልፌን በተመለከተ፣ አሁንም አንዳንድ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እነቃለሁ። ልዩነቱ ከነቃሁ በኋላ እስኪነጋ ድረስ አለመታገሌ ነው፤ የመጣውን አየዋለሁ፣ ብዙ ጊዜም ወፍ ሳይንጫጫ ይወስደኛል። ባለቤቴ ይህን ከእኔ ቀድማ ነው ያስተዋለችው።

የሚቀጥለው ዙር ከጥምቀት በኋላ ይጀምራል። ከመናኸሪያ በባጃጅ ፍቅር ሐይቅ ብሎ መምጣት ይቻላል፤ ከዚያ በእግር አምስት ደቂቃ ነው። ጋቢ ወይም ወፍራም ሹራብ መያዝ ያስፈልጋል፤ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ደግሞ ወንበር እንዲያዝለት በምዝገባ ቀን ይናገር። ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ ለአሰልጣኟ ፊት ለፊት ነግሬያቸዋለሁ። የደወሉን ልምምድና የትምህርቱን ምንጭ ወደ ሁለተኛው ሳምንት እንደሚያመጡት፣ የድምፅ ቅጂዎቹንም በአማርኛ ራሳቸው እንደሚቀዱ ቃል ገብተውልኛል፤ ስለ ማስታወቂያው ግን ገና እያሰቡበት ነው። እማማ መደገፊያ ያለው ወንበር እንዲዘጋጅላቸው ጠይቀው ለሁለተኛ ጊዜ ተመዝግበዋል።